በክረምት አልከፈት ስለሚል በር

እንደሚታወቀው ጅማ ዝናብ የማይለያት አገር ናት። ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ተቀምጣ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፤ ዝናቡም በመጋቢት ይጀምርና በሰኔ በርትቶ፣ እያረፈም እየጣለም እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። ይህ ዝናብ ለቡናው ስለሚሰጠው ሕይወት የማያውቅ የለም። እኔ ግን ለመጻፍ የተነሣሁት ዝናቡ በቤታችን በሮች ላይ ስለሚያመጣው ጣጣ ነው። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ ለኔም ካቻምና በነሐሴ ወር አንድ ሌሊት በቤታችን የሆነው ነገር እስኪሆን ድረስ ትንሽ ይመስለኝ ነበር።

አያቴ የሚተኙት ከጓዳው ቀጥሎ ባለችው ክፍል ነው። የክፍሉ በር ከሳንቃ የተሠራ አሮጌ በር ሲሆን ክረምት በገባ ቁጥር ይይዛል፤ እኛም በጉልበታችን ገፋ አድርገን መክፈትን ለምደን ነበር። ያን ሌሊት አያቴ ለሽንት ተነሥተው በሩን ቢጎትቱት አልከፈት አላቸው። ቢጣሩም የሰማቸው አልነበረም፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን እንደ ከበሮ ይደበድበው ነበርና። ጋቢያቸውን ተከናንበው እስኪነጋ ድረስ በአልጋቸው ጫፍ ተቀምጠው አደሩ። ማለዳ አባቴ በትከሻው ገፍቶ ሲከፍተው፣ «እንኳን እሳት አልተነሣ» ከማለት በቀር አንዳች አልተናገሩም። እኔ ግን በጣም አፈርኩ፤ በቤቱ ካለነው ወንዶች ልጆች ትልቁ እኔ ስሆን በሩ እንደሚይዝ ሁልጊዜ ባውቅም አንድ ቀን እንኳ ለምን ብዬ አልጠየቅሁም ነበር።

በሩ የሚይዝበትን ምክንያት ለመረዳት ቡናን ማሰብ ይበቃል። እሸት ቡና ተለቅሞ አልጋ ላይ ሲሰጣ ከክብደቱ ግማሹ የሚበልጠው ውሃ ነው፤ ደርቆ ወደ መጋዘን ሲገባ ግን ውሃው ከ12 በመቶ ብዙ እንዳያልፍ ይፈለጋል። ይህ የደረቀ ቡና እርጥብ አየር ካገኘው መልሶ ውሃ እንደሚጠጣ የአጋሮና የሊሙ ገነት ነጋዴ ሁሉ ያውቃል፤ ስለዚህም ጆንያውን ከወለልና ከግድግዳ አርቆ በርብራብ ላይ ይደረድራል። እንጨትም እንዲሁ ነው። ዛፉ ከተቆረጠ አርባና ሃምሳ ዓመት ቢሆነውም ከአየሩ ጋር ውሃ መለዋወጡን አይተውም። የአየሩ እርጥበት 50 በመቶ ሲሆን በእንጨቱ ውስጥ የሚኖረው ውሃ ከደረቅ ክብደቱ 9 በመቶ ያህል ነው፤ አየሩ 80 በመቶ ሆኖ ሲሰነብት ግን ወደ 16 በመቶ ይወጣል።

እንጨቱ ውሃ ሲጠጣ በሁሉም በኩል እኩል አያብጥም። የእንጨት ጅማት በአንድነት እንደ ታሰረ የሸንበቆ ነዶ ነው ብንል እያንዳንዱ ሸንበቆ ይወፍራል እንጂ አይረዝምም። ከዚህም የተነሣ ሳንቃ በቁመቱ ጨመረ የሚባል አይደለም፤ በጎኑ ግን በግልጽ ይሰፋል። በጎኑም ቢሆን እንደ አሰነጣጠቁ ይለያያል። የግንዱን ክብ መስመር ተከትሎ የሚሆነው እብጠት ከእምብርቱ ወደ ልጡ ከሚሆነው እጥፍ ያህል ነው። አናጢዎች በግምት የሚይዙት ልክ አለ፤ ይኸውም ተራ ሆኖ በተሰነጠቀ ሳንቃ ላይ ውሃው በ1 በመቶ ሲጨምር የሳንቃው ስፋት ከመቶው ሩብ ያህል ይጨምራል። እንግዲህ 80 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው፣ ሳንቃዎቹ ተጠጋግተው የተመቱ በር እናስብ። ከበጋ እስከ ክረምት የውሃው ልዩነት 5 በመቶ ቢሆን በሩ በ1 ሳንቲ ሜትር ሙሉ ይሰፋል ማለት ነው! በመቃኑና በበሩ መካከል የሚተወው ክፍተት ግን በሁለቱም ጎን ተደምሮ ከግማሽ ሳንቲ ሜትር አይበልጥም።

ቋሚና አግዳሚ ያለው በር የተፈጠረው ለዚሁ ነው። በእንዲህ ያለው በር አግዳሚዎቹ በቁመታቸው የተኙ ስለ ሆኑ በሩን አያሰፉትም፤ በመካከል ያሉት ገበታዎች ደግሞ በቦይ ውስጥ ያለ ኮላ ስለሚቀመጡ ለብቻቸው ቢያብጡም ማንንም አይገፉም። የሚሰፉት ሁለቱ ቋሚዎች ብቻ ናቸው፤ እያንዳንዳቸው 10 ሳንቲ ሜትር ቢሆኑ ጭማሪያቸው ተደምሮ 2 ሚሊ ሜትር ተኩል ነው። ይህን ስሌት ከሠራሁ በኋላ በየሰው ቤት ስገባ በሩን ሳላይ ማለፍ አልቻልኩም። የጅማ በርጩማ ግን ከዚህ ሁሉ ጭንቅ ነፃ ነው፤ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣና በነፃ የሚቆም ስለ ሆነ ቢያብጥም ቢሟሽሽም የሚጋፋው የለም። በጅሬን ኮረብታ ላይ ያለውን፣ እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 የገዙትን የዳግማዊ አባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ያየ ሰው ደግሞ አብዛኛው ከእንጨት የተሠራ ቤት ከመቶ በላይ ክረምት ሲፈራረቅበት ምን ያህል እንደሚደክም ይገነዘባል።

ወደ ጥፋቴ ልመለስ። በማግስቱ ከአንድ ጎረቤት የኤሌክትሪክ መላጊያ ተዋስኩ። በሩን ነቅዬ፣ ቁልፉን አውጥቼ፣ በመቆለፊያው በኩል ያለውን ጠርዝ ከላይ እስከ ታች ደጋግሜ ላግሁት። መሣሪያው ሥራውን ያቀላጥፋል፤ እንጨቱ እንደ ጎመን ሲከተፍ ደስ ይላል፤ ደስታውም ሰውን ያታልላል። መልሼ ስሰቅለው በሩ በአንዲት ጣት የሚከፈት ሆነ፤ እናቴም መረቀችኝ። በጥር ወር ግን በበሩና በመቃኑ መካከል ትንሿ ጣቴ የምትገባበት ክፍተት ተከፈተ። ሌሊት ሌሊት ብርዱ በዚያ ይገባል፤ አያቴም ሳል ያዛቸው። ክፍተቱን በአሮጌ ጨርቅ ደፈኑት፤ አንድም ቀን አልወቀሱኝም።

በመጨረሻ በሠፈራችን ያሉ አንድ ሽማግሌ አናጢ ለምኜ አመጣሁ። በሩን ከላይ እስከ ታች ካዩ በኋላ፣

«ይህን በር ማን በላው?» አሉኝ።

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ።»

«ማጠፊያውን አይተህ ነበር?»

አላየሁም ነበር። የላይኛውን ማጠፊያ በእጃቸው ያዝ አድርገው ሲነቀንቁት ሦስቱም ብሎኖች በቀዳዳቸው ውስጥ ሲላወሱ አየሁ። በሩ የያዘው በእብጠት ብቻ አልነበረም፤ ግማሹ ምክንያት ማጠፊያው ላልቶ በሩ ወደ ፊት ማዘንበሉ ነበር። እኔ በካቻቢቴ የሚድን በሽታ በመላጊያ ቆርጬ ጣልሁ።

ስለዚህ ከመላግ በፊት መመርመር ይገባል። በሩ የሚነካው በመቆለፊያው በኩል ከላይ በኩል ብቻ ሆኖ፣ በላይኛው ማጠፊያ አጠገብ ግን ክፍተቱ የሰፋ እንደ ሆነ ጥፋቱ የማጠፊያው ነው። ብሎኑ የሚጠብቅ ከሆነ ማጥበቅ፤ ቀዳዳው ሰፍቶ ብሎኑ የሚዞር ከሆነ ደግሞ በኮላ የተነከረ የክብሪት እንጨት ወይም ቀጭን የእንጨት ችካል ቀዳዳው ውስጥ መትቶ፣ ሲደርቅ ብሎኑን እንደገና ማሠር ነው። ሁለተኛው የሚመረመረው መቃኑ ነው። በጭቃ ቤት የመቃኑን እግር ምስጥ ይበላውና ቤቱ ወደ አንድ ጎን ይቀመጣል፤ ያን ጊዜ የታመመው ቤቱ ስለ ሆነ በሩን መላግ ከንቱ ድካም ነው። ሦስተኛው ቀለም ነው፤ በየዓመቱ በዓል ሲመጣ በቀለም ላይ ቀለም የተቀባ በር ከእንጨቱ ይልቅ በቀለሙ ውፍረት ሊይዝ ይችላል፤ ይህም በብርጭቆ ወረቀት ይለቃል። በጥቂቱ ብቻ የሚነካ በር ሲሆን ደግሞ ጠርዙን በሻማ ወይም በደረቅ ሳሙና ማሸት ክረምቱን ያሳልፋል።

እነዚህ ሁሉ ተመርምረው በሩ ያበጠ መሆኑ ከታወቀ የሚነካበትን ቦታ ለይቶ ማግኘት ነው። ሽማግሌው ያሳዩኝ ዘዴ ይህ ነው፤ የካርቦን ወረቀት ጥቁሩን ፊት ወደ በሩ አዙሮ በበሩና በመቃኑ መካከል ይዞ በሩን መዝጋትና መክፈት። በሩ በሚጋፋበት ቦታ ሁሉ ጥቁር ምልክት ይቀራል። ካርቦን ከሌለ የመቃኑን ጠርዝ ጠመኔ መቀባት ይበቃል። እኔ ከላይ እስከ ታች የላግሁት በር ምናልባት የሚነካው በአንድ ክንድ ቦታ ላይ ብቻ ነበር።

ከዚያም ምን ያህል ይላጋል የሚለው ጥያቄ ይመጣል፤ መልሱ እንደ ወሩ ነው። በነሐሴ በሩ የመጨረሻ እብጠቱ ላይ ስለሚደርስ ከዚያ ወዲያ አይሰፋም፤ ሳይነካ ማለፍ ከቻለ፣ ይኸውም 2 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ካገኘ ይበቃዋል። በጥር የሚላግ በር ግን ገና የሚያብጥ ስለ ሆነ ለክረምቱ ተጨማሪ ቦታ ይተውለታል፤ ምን ያህል እንደሚሆን ከላይ በተጻፈው ስሌት መገመት ይቻላል። የኔ ስሕተት በነሐሴ እንደ ጥር መላጌ ነበር።

በሩ ሲነቀል ከታቹ ሽብልቅ ገብቶ ክብደቱ ይደገፋል፤ የታችኛው ማጠፊያ ቀድሞ፣ የላይኛው በመጨረሻ ይፈታል። የላይኛው ቀድሞ ከተፈታ በሩ በሰው ላይ ይወድቃል። ከዚያ በሩ በጎኑ ቆሞ በሞርሳ ወይም በጓደኛ ይያዛል። የሚላገው መጠን በበሩ በሁለቱም ፊት በእርሳስ ይሠመራል፤ መሥመሩ ከሌለ ሥራውን የሚመራው ስሜት ነው፣ ስሜት ደግሞ ሁልጊዜ ትርፍ ይቆርጣል።

የእጅ መላጊያ ጥንታዊ መሣሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ79 ዓ.ም. በእሳተ ገሞራ አመድ በተቀበረችው በፖምፔይ ከተማ ፍርስራሽ ውስጥ የሮማውያን መላጊያ ተገኝቷል፤ አሠራሩም ከዛሬው ብዙ አይለይም። ጠፍጣፋ እግር አለው፤ በእግሩ ቀዳዳ በኩል ምላጩ እንደ ወረቀት ውፍረት ብቻ ብቅ ይላል። ምላጩ መሳል አለበት፤ ደነዝ ከሆነ እንጨቱን ከመቁረጥ ይልቅ ይነጨዋል። መላጊያው የሚገፋው ጅማቱ በሚተኛበት አቅጣጫ ነው። ድመትን ከራሷ ወደ ጭራዋ ሲደባብሷት ጠጉሯ እንደሚተኛ፣ በተቃራኒው ሲሆን እንደሚቆም ሁሉ እንጨትም እንዲሁ ነው፤ ምላጩ እየተንቀጫቀጨ እንጨቱን ከቦጨቀ አቅጣጫውን ማዞር ነው። ሲጀመር ጉልበት በፊተኛው እጅ ላይ፣ ሲጨረስ በኋለኛው እጅ ላይ ይሆናል፤ ይህ ካልተጠበቀ የበሩ ሁለት ጫፎች ከመካከሉ ይልቅ ይበላሉ። ሽማግሌው ሲልጉ የሚወጣው ፍቅፋቂ ረጅምና ጥቅልል ነበር፤ በኔ እጅ ግን ለብዙ ቀን ስብርባሪ ብቻ ይወጣ ነበር።

የበሩ ራስና እግር ሲላግ ጥንቃቄው ይበልጣል፤ በዚያ በኩል የቋሚዎቹ ጅማት ጫፉ ወደ ውጭ ነውና። ከአንዱ ጎን ጀምሮ እስከ ሌላው የሚገፋ ሰው በመጨረሻው ላይ የቋሚውን ጠርዝ ገንጥሎ ይጥለዋል። ስለዚህ ከሁለቱም ጎን ወደ መካከል ብቻ ይላጋል።

ስለ ኤሌክትሪኩ መላጊያም ክፉ ብቻ ልናገር አልፈልግም። ማኪታ የተባለው የጃፓን ፋብሪካ በእጅ የሚያዝ የኤሌክትሪክ መላጊያ በአገሩ መሥራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1958 ሲሆን፣ ዛሬ በከተማችን ባሉ እንጨት ሥራ ቤቶች ይህን ዓይነት መሣሪያ ማየት የተለመደ ነው። ምላጮቹ በሚዞር በርሜል ላይ የታሠሩ ናቸው፤ በርሜሉም በደቂቃ ከ10,000 ጊዜ በላይ ይዞራል። ብዙ በር ላለው ቤት፣ ወይም በቀለም ብዛት ለደነደነ ጠርዝ፣ እርሱን የመሰለ የለም። ነገር ግን ልኩ በአንድ ጉዞ ከግማሽ ሚሊ ሜትር እስከ 1 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ ያስፈልጋል፤ ወደ መሥመሩ ሲቃረቡም አቁሞ የቀረውን በእጅ መላጊያ መጨረስ ይሻላል። ሞተሩ ሙሉ ፍጥነቱን ሳይዝ እንጨቱን አይነካም። በሁለት እጅ ይያዛል። የተንጠለጠለ ሻሽ፣ ሰፊ እጅጌና ጓንት የተከለከሉ ናቸው፤ በርሜሉ ጨርቁን ከነእጅ ይስባልና። ሽቦው በትከሻ ላይ ይደረጋል፤ ምላጩን ለመንካት የሚሻ ሰውም አስቀድሞ ከሶኬት ይነቅላል። ከሁሉ ይልቅ እኔን ያስደነገጠኝ ከጠፋ በኋላ ያለው ጊዜ ነው፤ ድምፁ ቢቀንስም በርሜሉ ገና ስለሚዞር ፈጥነው መሬት ላይ ካስቀመጡት ይዘላል። ከሥራው በፊትም ጠርዙን በማግኔት መዳሰስ ይገባል፤ አሮጌ በር ምስማር ይደብቃል፤ በዚያ ፍጥነት ምስማር የመታ ምላጭ ስባሪው ወዴት እንደሚሄድ አይታወቅም። የድሮ ቀለም ደግሞ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ማዕድን ሊኖርበት ስለሚችል አፍንጫን መሸፈንና ሰጋቱራውን ከሕፃናት አርቆ መጣል ያስፈልጋል። በከተማችን መብራት በሚጠፋበት ቀን ደግሞ ሥራው የእጅ መላጊያው ነው።

በየትኛው ጎን ይላግ የሚለው ላይ ሽማግሌው የጸና አሳብ አላቸው። ብዙ ሚሊ ሜትር መቀነስ ሲያስፈልግ የሚላገው በማጠፊያው በኩል ነው፤ በመቆለፊያው በኩል ከሆነ ቁልፉ ከእንጨቱ ወጥቶ ይቀራልና። በማጠፊያው በኩል ሲሆን ግን የማጠፊያውን ጎድጓዳ በመሮ ያህሉን ዝቅ ማድረግ ብቻ ነው። በመቆለፊያው በኩል መላግ ግድ የሆነ እንደ ሆነ ጠርዙ ቀጥ ብሎ ሳይሆን፣ በሩ ሲዘጋ ወደ መቃኑ ቀድሞ የሚገባው ፊት በ2 ሚሊ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ይላጋል፤ በዚያ ስልት በሩ ቀጭን ክፍተት ይዞ ሳይነካ ይገባል። ዛሬ በገበያ የሚሸጡትን፣ በስስ ሉሕ ተሸፍነው ውስጣቸው ባዶ የሆኑትን በሮች ግን ብዙ መላግ አይቻልም፤ በጠርዛቸው ያለው እንጨት ቀጭን ነው፤ እርሱ ካለቀ በሩም አለቀ።

የኛን በር ያዳንነው እንዲህ ነው። ሽማግሌው 8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የዋንዛ ስንጣቂ ፈልገው በማጠፊያው በኩል ባለው ጠርዝ ላይ በኮላ አጣበቁት፤ በገመድና በሽብልቅ አጥብቀን አሳደርነው። በማግስቱ የማጠፊያዎቹን ጎድጓዳ በመሮ ቆፍረው ረዘም ባለ ብሎን አሠሩ። ዋንዛ የመረጡት ሲያብጥም ሲደርቅም እንደ ባሕር ዛፍ ስለማይጣመም ነው፤ ነገር ግን እንደ ልብ የሚገኝ እንጨት አይደለም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛን፣ ዝግባን፣ ጥድንና ኮሶን ከመንግሥት ደን መቁረጥ የከለከለው እየጠፉ በመሄዳቸው ነበር። እኔ በአንድ ከሰዓት በኋላ ወደ ፍቅፋቂ የለወጥሁትን እንጨት ለመተካት አራት እንጨት ሥራ ቤት ዞረናል።

ባለፈው ነሐሴ በሩ እንደገና በታች በኩል ጥቂት ነካ። በዚህ ጊዜ ማጠፊያውን መረመርሁ፤ ካርቦን አገባሁ፤ ሠመርሁ፤ በእጅ መላጊያ አሥራ አንድ ጊዜ ገፋሁና አቆምሁ። ሽማግሌው ያን ቀን ቀለም እንዳልቀባ ከለከሉኝ። እንጨቱ ውሃ ጠጥቶ ሳለ ቢቀባ ውሃው ውስጥ ይታሰራል፤ ቀለሙም በበጋ ይላላጣል። እስከ ታኅሣሥ ጠበቅሁ። ያን ጊዜ ቡናው አልጋ ላይ ተሰጥቶ ሲደርቅ በሩን ነቅዬ ፀሐይ ባለበት በረንዳ ላይ አስተኛሁትና ስድስቱንም ገጽ ቀባሁ፤ ይልቁንም ማንም የማያየውን ራሱንና እግሩን ሁለት ሁለት ጊዜ አጠጣሁት፤ እንጨት ከሁሉ ይልቅ ውሃ የሚጠጣው በጅማቱ ጫፍ በኩል ነውና። እንዲህ የተቀባ በር ጨርሶ አያብጥም ማለት አይደለም፤ ውሃው ግን በቀስታ ስለሚገባ ብዙ ሳያብጥ ክረምቱ ያልቅለታል።

አያቴ በሩ መልሶ የተሰቀለ ዕለት ሦስት ጊዜ ከፍተው ዘጉት። ከዚያም ክፍተቱን የደፈኑበትን አሮጌ ጨርቅ አጥበው ለቡና ማቅረቢያው መወልወያ አደረጉት።